የአባባ ሚንኮ የአርባ ቀን ማስታወቂያ

[ሴቭሊየቮ ከተማ፣ ሦስተኛ ፎቅ። የማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚው አባባ ሚንኮ ካረፉ ዛሬ አርባ ቀናቸው ነው፤ በእኛ ከተማ በዚህ ቀን የሟቹ ስምና ፎቶ ያለበት ማስታወቂያ በሕንፃው በር ላይ ይለጠፋል። ባለቤታቸው እማማ ስታንካ፣ ሴቶቹና ቄሱ የተቀቀለውን የተዝካር ስንዴ ይዘው ወደ መቃብር ሄደዋል። ሁለቱ አማቾች፣ የሴት ልጆቻቸው ባሎች፣ ቤት ቀርተዋል፤ ትልቁ ኦግኒያን ሦስት ኮምፒውተር ደርድሮ፣ ትንሹ ራንገል አረንጓዴ ክላሰር ላይ ተቀምጦ። እኔ የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ነኝ፤ ወንበር ላውሳቸው መጥቼ ነው ይህን ሁሉ የሰማሁት።]

ኦግኒያን፦ አንድ ሙሉ ጥቅል የማጣበቂያ ፕላስተር እንዴት ነው የሚያልቀው?

ራንገል፦ ትንሽ በትንሽ ነዋ፣ ጋሼ።

ኦግኒያን፦ ትናንት ማታ እዚህ መደርደሪያ ላይ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ራንገል፦ እኔም አይቼዋለሁ። ማታ አላለቀም ነበር።

ኦግኒያን፦ ታዲያ ምን ላይ አዋልከው?

ራንገል፦ ንጋት ላይ ዳቦ ልገዛ ስወርድ፣ በሩ ላይ...

ኦግኒያን፦ ተወው። ካንተ መልስ ከምጠብቅ በሩን ብጠይቀው ይሻለኛል።

ራንገል፦ እሱም ጥሩ ነው።

ኦግኒያን፦ ስማኝ፣ ራንገል። ሽማግሌው ሆስፒታል እያሉ እጄን ይዘው «የአርባዬን ማስታወቂያ አንተ ሥራልኝ፣ ፋይሉ ተዘጋጅቷል፣ አደራ» ብለውኛል። እኔን ነው ያሉት፣ አንተን አይደለም። እማማ ስታንካ ከመቃብር ሲመለሱ የሕንፃው በር ባዶ ከሆነ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?

ራንገል፦ እውነትህን ነው።

ኦግኒያን፦ ይህንን ጨርሼ ደግሞ መቃብሩ ላይ መድረስ አለብኝ። ንግግር አለኝ። አሥራ አንድ ገጽ።

ራንገል፦ አሥራ አንድ።

ኦግኒያን፦ አሳጥሬው ነው።

[ራንገል ሰዓቱን ያያል። ከዚያ ክላሰሩ ላይ ተደላድሎ ይቀመጣል።]

ራንገል፦ ፋይሉ ግን ምን ሆነ ነው የምትለው?

ኦግኒያን፦ ተበላሽቷል። ጠዋት የሽማግሌው ዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው በጽሑፉ መካከል ቆሻሻ ሞልቶበታል። የተዘበራረቀ መስመር፣ ቅንፍ፣ የላቲን ፊደል። ከስማቸው በፊት ቅንፍ፣ ከስማቸው በኋላ ቅንፍ። ቫይረስ ነው።

ራንገል፦ አባባ እኮ ያንን በእጃቸው ነው የሚጽፉት። «ይሄ ትእዛዝ ነው፤ እዚህ አድምቅ፣ እዚህ መሃል አድርግ፣ ፎቶውን እዚህ ቁጭ አድርግ ማለት ነው» ሲሉኝ ሰምቻለሁ።

ኦግኒያን፦ አንተ ሰምተሃል። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ሠርቻለሁ። ሰው ለኮምፒውተር በቅንፍ ትእዛዝ አይሰጥም፤ ማውዙን ይዞ ነው የሚሰጠው።

ራንገል፦ ታዲያ ቆሻሻውን ምን አደረግከው?

ኦግኒያን፦ አንድ በአንድ ለቅሜ አጠፋሁት። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። ከዚያ በላዩ ላይ ሴቭ አደረግኩት።

ራንገል፦ በላዩ ላይ።

ኦግኒያን፦ ንጹሕ እንዲሆን ነዋ። አሁን ንጹሕ ነው፣ ግን ሁሉም ነገር አንድ ክምር ሆነ። ስማቸው፣ ዕድሜያቸው፣ «በጥልቅ ኀዘን» የሚለው፣ ሁሉም በአንድ ትንፋሽ። ጥፋቱ የዊንዶውሱ አይደለም፤ ሽማግሌው ፕሮግራሙን ሲጭኑ አሳስተውት ነው። በቃ፣ ልነሳ። መንገድ ላይ የሆነ ማተሚያ ቤት...

[ኮቱን ያነሳል። ራንገል ወደ መስኮቱ ዞሮ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሆኖ ይናገራል።]

ራንገል፦ ያ ሊኑክስ የምትለው ኮምፒውተርህ ግን አይችልም ማለት ነው።

ኦግኒያን፦ ምን አልክ?

ራንገል፦ አይ፣ ምንም። ዊንዶውሱ ካልቻለ ያንተ ሊኑክስማ ከየት ይችላል ብዬ ነው።

[ኦግኒያን ኮቱን ያስቀምጣል። የሚቀጥለውን አንድ ሰዓት ሁሉ አልነግራችሁም፤ እኔ ራሴ ወንበር ላይ ሸለብ አድርጎኝ ነበር። ባጭሩ ኦግኒያን ለራንገል ስለ ነፃ ሶፍትዌር አስተማረው፣ አንድ ፕሮግራም ጫነ፣ ሌላ ነቀለ፣ ራንገልም በየመሃሉ «እህ» አለ። በመጨረሻ ፕሮግራሙ «መጀመሪያውን አላገኘሁትም» ብሎ አንድ ቀይ መስመር ጻፈና ቆመ።]

ራንገል፦ የምን መጀመሪያ ነው የሚፈልገው?

ኦግኒያን፦ እኔ ምን አውቅለታለሁ? ፋይሉ ከላይ ይጀምራል፣ ከታች ያልቃል። ሌላ ምን ይፈልጋል?

ራንገል፦ ምናልባት ካጠፋሃቸው ውስጥ አንዱ መጀመሪያው ይሆን?

ኦግኒያን፦ ራንገል፣ የወንድሜን ያህል ነው የምወድህ። ግን ዝም በል።

ራንገል፦ እሺ ጋሼ።

ኦግኒያን፦ ስንት ሰዓት ሆነ? አይ፣ እሄዳለሁ። ማስታወቂያው ቢቀር ንግግሩ አይቀርም።

ራንገል፦ ሂድ፣ ሂድ። የሚስቶቻችን እህት ማክ ኮምፒውተርም እዚሁ ይቀመጥ። ለነገሩ እሷም «ኦግኒያን ማክ አይሆንለትም» ስትል ነበር።

ኦግኒያን፦ መቼ ነው ያለችው?

ራንገል፦ በፋሲካ።

ኦግኒያን፦ እስቲ ወዲህ በለው።

[ማኩን ይከፍታል። ላቡን ይጠርጋል። ፕሪንተሩ ያጓራል፤ ሁለት ወረቀት ይተፋል።]

ራንገል፦ ይኸው ወጣ።

ኦግኒያን፦ አንደኛው ላይ ስማቸው አለ፣ ፎቶ የለም። ሁለተኛው ላይ ፎቷቸው አለ፣ ስም የለም።

ራንገል፦ ሁለቱንም ጎን ለጎን ብንለጥፋቸውስ?

ኦግኒያን፦ ሰው ከአንድ ቤት ሁለት ሞተ ይላል። ደግሞም በምን ትለጥፈዋለህ? ፕላስተሩን ጨርሰኸዋል።

ራንገል፦ እሱስ ልክ ነህ።

[ደረጃው ላይ የብዙ ሰው ኮቴ ይሰማል።]

ኦግኒያን፦ ማን ነው?

ራንገል፦ እማማ ስታንካ ናቸው። ቄሱም አብረው አሉ።

ኦግኒያን፦ መቃብሩስ?

ራንገል፦ አልቋል፣ ጋሼ።

ኦግኒያን፦ ንግግሬስ?

ራንገል፦ ኪስህ ውስጥ ነው።

[ኦግኒያን ቁጭ ይላል። ፊቱ አመድ መስሏል። እኔም አሳዘነኝ፣ አልዋሽም።]

ኦግኒያን፦ የሟች አደራ በላሁ፣ ራንገል። አርባ ቀን ሙሉ ስፎክር ከርሜ በሩን ባዶ አስቀረሁት። አፈርኩ።

[እማማ ስታንካ ይገባሉ። ሌላ ሰው ሳያዩ ቀጥ ብለው ወደ ኦግኒያን ይሄዱና ጉንጩን ይስሙታል። በሩ ላይ ያለው ማስታወቂያ እንዴት ያምራል አሉት፤ ፊደሉ ቀጥ ያለ፣ ፎቶው መሃል ላይ፣ ልክ ሚንኮ ራሱ የለቀመው ይመስላል አሉት። ፌርማታውም ዳቦ ቤቱም ላይ አይተውታል። እጁን መርቀውለት የተረፈውን ስንዴ ሊያቀርቡ ወደ ወጥ ቤት አለፉ። ኦግኒያን ቀስ ብሎ ወደ ራንገል ይዞራል።]

ኦግኒያን፦ የቱ ማስታወቂያ?

ራንገል፦ ንጋት ላይ ዳቦ ልገዛ ስወርድ የለጠፍኩት። ልነግርህ ነበር፣ በሩን ልጠይቀው ስላልክ ተውኩት።

ኦግኒያን፦ ከየት አመጣኸው?

[ራንገል ብድግ ብሎ አረንጓዴውን ክላሰር ይከፍታል። ከአርባ ቀኑ ማስታወቂያ የተረፈ፣ የስድስት ወሩና የዓመቱ ደግሞ አሥር አሥር ቅጂ። ቀን የሚሞላበት ቦታ ብቻ ክፍት ነው። ላዩ ላይ በእጅ የተጻፈ ብጣሽ ወረቀት አለ።]

ራንገል፦ እኔ አይደለሁም ይህን ያሰብኩት፣ ጋሼ። እሳቸው ናቸው። ላንብብልህ?

ኦግኒያን፦ አንብብ።

ራንገል፦ «ራንገል ልጄ፣ ኦግኒያን ልቡ ደግ ነው፣ እወደዋለሁ። ግን በወንድሜ አርባ በረዶ ላይ አቁሞን ሰባት ገጽ አነበበ። ስንዴው ቀዘቀዘ፣ ስታንካም ታማ ሁለት ሳምንት ተኛች። በእኔ አርባ ቀን ፋይሉን ስጠውና ቤት አስቀምጠው። ሊነሳ ሲል ሌላ ኮምፒውተር አሳየው። የታተመው አንተ ጋ ነው፤ ቀኑን በብዕር ሞልተህ ለጥፈው።»

[ኦግኒያን ወረቀቱን ተቀብሎ እሱም ያነበዋል። የእጅ ጽሑፉ የሽማግሌው ነው። ዓይኑ እንባ ያቀርራል፤ ተቆጥቶ ይሁን ናፍቋቸው እኔ አላወቅኩም።]

ኦግኒያን፦ ፋይሉስ? መጀመሪያውኑ የተበላሸ ነው የሰጡኝ?

ራንገል፦ የለም። በሦስቱም ኮምፒውተር ላይ ልክ እንደዚህ ሆኖ ይወጣል ብለዋል። ካልነካካኸው።

[ከወጥ ቤት የሳህን ድምፅ ይሰማል። ኦግኒያን አሥራ አንዱን ገጽ ከኪሱ አውጥቶ ያየውና መልሶ ይከተዋል።]

ኦግኒያን፦ ለስድስት ወሩ ግን ማንም አያቆመኝም። ቆሜ አነባለሁ።

ራንገል፦ ለስድስት ወሩም ፋይል ትተውልሃል፣ ጋሼ።

ኦግኒያን፦ እሱስ ይከፈታል?

ራንገል፦ «ኦግኒያን አይችለውም» ብለዋል።

[ኦግኒያን ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ያስጠጋል።]

ኦግኒያን፦ የት ነው ያለው?