የጎረቤት ሆድ ኃላፊ

እንጀራ የተወ ሰው ዝም ብሎ አይተውም። ሲጋራ ያቆመ ሰው ከጊዜ በኋላ ሌላ ወሬ ያገኛል፤ ከሚስቱ የተፋታም እንደዚያው። ከእንጀራ የተፋታ ግን ፍቺውን ለአገር ሁሉ ካላወጀ፣ መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ ይዞ ካላስረዳ፣ አንድ ሁለት የሰው ትዳርም አብሮ ካላፈረሰ እንቅልፍ አይወስደውም። በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አለ። በየሠርጉ ድንኳን አንድ አይጠፋም። አሶሳ ውስጥ ደግሞ ከሁሉም የበረታው ለመምህር የሻው ነው የደረሰው፤ ያውም አጥር ለአጥር።

ሰፈሩ «ክቡር አማካሪ» የሚለው ሚፍታህ የመንጌ ወረዳ ልጅ ነው። ደመወዝ የሚከፈለው የአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ኃላፊ ስለሆነ ነው፤ ዕድሜውን የሰጠው ግን ለሰው ሆድ ነው። ድሮ እሱ ራሱ ሆዱ ቀድሞት በር የሚገባ ሰው ነበር። አንድ ቀን አንድ ሱዳናዊ ሐኪም በስልኩ ላይ የዱቄትን ክፋት ሲዘረዝር ሰማ። እንጀራውን፣ ዳቦውን፣ ፓስታውን ተራ በተራ አሰናበተ፤ ሆዱም ተከትሏቸው ሄደ። የቀረው ቀበቶው ነው። ያ ቀበቶ ዛሬ ወገቡን ዞሮ ትርፉ ጀርባው ላይ ይንጠለጠላል፤ ሚፍታህ ግን አያሳጥረውም። ሌላው ሰው ዲግሪውን ግድግዳ ላይ ይሰቅላል፤ እሱ ታጥቆት ይዞራል።

«ይህን ቀዳዳ ታያለህ?» ይላል፣ ስሙን እንኳ ገና ላልነገረው ሰው። «እዚህ ነበርኩ። አሁን የት ነኝ? ወላሂ፣ አንዳንዴ እኔም ራሴን እፈልገዋለሁ።»

ዳቦ ሲያይ «ልብሱን የቀየረ ስኳር ነው» ይላል። ድንች? ልብሱን የቀየረ ስኳር። ሩዝ? «እሱማ ጭራሽ ሙሽራ መስሎ ነው የመጣው!»

መምህር የሻው ይህን ሁሉ እንደ ክረምት ዝናብ ነበር የሚቆጥረው፤ ሲመጣ ጥግ ይዞ እስኪያባራ መጠበቅ። ጂኦግራፊ ያስተምራል። ወላጆቹ ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች ናቸው፤ እንጀራ ያልቀረበበት ምሳ ለእሱ መክሰስ ነው። ችግሩ የመጣው ሌሊት ሌሊት ውኃ እየጠማው መነሳት ሲያበዛ ነው። ሚስቱ ለተማርያም እየገፋች ጤና ጣቢያ ላከችው፤ እዚያ የተቀበለችው ነርስ ዓፊያ ድሮ ተማሪው ነበረች።

«ቲቸር፣ ስኳርዎ ከፍ ብሏል» አለችው። «ገና ነው፣ አይደንግጡ። እስከሚቀጥለው ቀጠሮ በአመጋገብ ካወረዱት ጥሩ። ካልወረደ ግን መድኃኒት እንጀምራለን።»

መድኃኒቱ ኪኒን እንደሆነ ነግራዋለች። የሻው ግን አልሰማትም። መድኃኒት ሲባል እሱ የሚታየው መርፌ ነው፤ መርፌ ደግሞ ከእባብ አስበልጦ ይፈራል። ትምህርት ቤት የክትባት ዘመቻ ሲመጣ ተማሪዎቹን አሰልፎ፣ አይዟችሁ ብሎ፣ እሱ ስብሰባ ይኖርበታል። ከጤና ጣቢያው ሲወጣ አንድ ውሳኔ ብቻ ነበረው፦ የፈለገው ይምጣ፣ መርፌ አይወጋም።

ነገሩን ለለተማርያም የነገራት እራት ላይ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። ግን የአሶሳ አጥር ቀርከሃ ነው፤ ዶሮ ይከለክላል እንጂ ወሬ አይከለክልም።

«ወላሂ እኔ እያለሁ!» አለ አጥሩ።

ለተማርያም ወጡን አስቀመጠች። «በል እንግዲህ ቻለው» አለችው ባሏን። «ሥራ አገኘ።»

እውነቱን ለመናገር፣ ሚፍታህ ሲጀምር ምክሩ ምክር ነበር። «በአንድ ቀን ሁሉንም አትጣል፣ መምህር» አለ በማግስቱ። «መጀመሪያ የሻይህን ስኳር። አንድ ማንኪያ ቀንስ፣ ምላስህ ይልመድ፣ ሌላ ቀንስ። ቀጥሎ ዳቦውን። እንጀራውን ግማሽ አድርገው፣ ከዚያ ሩብ፤ ወጡን ግን እንዳትነካው፣ ይብዛልህ እንጂ! እንቁላል፣ ጎመን፣ ሥጋ፣ ዓሣ። ረሃብ የሚገባው ዱቄቱን ቀንሶ ሌላውን ያልጨመረ ሰው ላይ ነው።»

«ጾም ሲመጣስ?»

«ባሚያ አለ፣ ሰሊጥ አለ፣ ለውዝ አለ፤ ዝናቡ ሲጠና ደግሞ የቀርከሃ ቡቃያ አለ። አላህ ለናንተ ጾምም አስቦበታል።»

በመጀመሪያው ሳምንት የሻው ራሱን ሲያመውና ክፍል ውስጥ ዓባይን ወደ ላይ ሲያስፈስሰው፣ ሚፍታህ በእረፍት ሰዓት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ተገኘ። «ስንዴው እየተሰናበተህ ነው፤ ያልፋል! ደም ግፊት የለብህም አይደል? እንግዲያው የአጥንት ሾርባ ጨው ጣል አድርገህ ጠጣ! ውኃም አብዛ!» እያለ በአጥሩ ላይ ጮኸ። ተማሪዎቹ አጨበጨቡለት። ሾርባውም ሠራ፤ ራስ ምታቱ ለቀቀው።

አስቸጋሪው አብሮ መብላት ነበር። ምሳ ሀምዲያ ምግብ ቤት ነው የሚሄዱት፤ ዓሣ ለሁለቱም ሃይማኖት ስለማይከብድ። ሀምዲያ እንደ ወትሮዋ የማሽላ ገንፎ ከባሚያ ወጥና ከጉባ ከመጣ ዓሣ ጋር ታቀርባለች። ሚፍታህ ገንፎውን ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ ይገፋዋል።

«ባሚያውን ብላ፤ ገንፎውን እየው።»

«ለምን አየዋለሁ?»

«ዓይንህም ይልመድ። አንድ ቀን ይንቀዋል።»

ሀምዲያ ወገቧን ይዛ ቆመች። «እኔ ቤት ወጥ ያለቀበት ገንፎ አየሁ። ገንፎ የቀረበት ወጥ ግን ዛሬ ነው ያየሁት። ምን አደረገ ገንፎ? ሰው ሰደበ?»

«ልብሱን የቀየረ...»

«ሚፍታህ! አንተ ልብስህን ሳልቀይርብህ ብላ!»

ከዚያ የርዕሰ መምህሩ የታምሩ ልጅ ሠርግ መጣ። «ሠርግ ተርበህ እንዳትሄድ» አለ ሚፍታህ፤ «ሦስት እንቁላል በልተህ ግባ፣ ያኔ ትሪ ሲያልፍ አንተም ታልፈዋለህ።» ይህም ጥሩ ምክር ነው፤ የሻው በላ። ግን በድንኳኑ የሙስሊሞች ማዕድ ለብቻው በማዶ በኩል ተዘርግቷል፣ ሚፍታህም እዚያ ነው። ጎረቤቱን መቆጣጠር የሚችለው በድምፁ ብቻ ነው። አስተናጋጁ ለየሻው እንጀራ ሊዘረጋ ጎንበስ ሲል ከማዶ ተሰማ፦

«ቁም! ያ ሰውዬ የሐኪም ትእዛዝ አለበት!»

ድንኳኑ ሁሉ ዞሮ አየው። «ውይ ልጄን!» አሉ አንዲት እናት። «ምን አገኘው?»

«ስኳር ነው! ሥጋ ብቻ ስጡት!»

አስተናጋጁ አዝኖለት ሳህኑን በጥብስ ሞላው። አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ይህን አየና ጉሮሮውን ጠራረገ። «እኔም እኮ ትንሽ ስኳር አለብኝ።» «እኔም ቤተሰባችን ውስጥ አለ» አለ ቀጣዩ። ጥቂት ቆይቶ ማዕዱ ላይ ጤነኛ ሰው አልቀረም። ሰኞ ጠዋት የሻው ትምህርት ቤት ሲገባ መምህራኑ ከመቀመጫቸው ተነሱለት፤ አንዱማ ክፍለ ጊዜዎቹን ማን እንደሚረከብ በለሰለሰ ድምፅ ጠየቀው።

ይሁንና የሻው ጸና። መርፌው ይታየዋላ። ሚፍታህም ጎበዝን መሸለም ያውቃል። ማታ ማታ እንጀራውን ተሻግሮ ለዋለው ጎረቤቱ በአጥሩ ላይ አንድ ሳፋ ያቀብለዋል፤ ከግቢው ዛፍ የተለቀመ፣ ገና የፀሐይ ሙቀት ያልወጣለት፣ ጭማቂው እስከ ክርን የሚወርድ ማንጎ።

«ይገባሃል፣ ያ አኺ፣ ወንድሜ።»

አሶሳ ላይ በግንቦት ማንጎ በላሁ የሚል ሰው የለም። ዛፍ ሥር ቆምኩ፣ ትንሽ አረፍኩ እንደማለት ነው። ማንጎ ምግብ እስኪደርስ የሚያዝ ነገር ነው፤ ምግብ ከደረሰ በኋላ ደግሞ እጅ እስኪታጠብ። ስለዚህ አስተማሪውም ተማሪውም ምሽት ምሽት አጥሩን ተደግፈው፣ ስለ ዱቄት ክፋት እያወሩ፣ ሳፋውን ባዶ ያደርጉታል።

ቀጠሮው ደረሰ። ሚፍታህ እንደ ጠበቃ አብሮ ገባ። የሻው ጣቱን ሰጥቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ዓፊያ ውጤቱን አየች፤ ደግማ አየች።

«ቲቸር፣ ጨምሯል።»

«ማሽኑ ይታይ!» አለ ሚፍታህ።

«ማሽኑ ደህና ነው። እንጀራ እየበሉ ነው?»

«ከጉርሻ አያልፍም» አለ የሻው፣ ድምፁ ተሰብሮ።

«ሻይስ?»

«ያለ ስኳር። የምኖረው መራራ ኑሮ ነው፣ ዓፊያ።»

«መሀል መሀል ላይ የሚቀምሱት ነገር የለም?»

«ምንም!» አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ።

ዓፊያ ጠጋ ብላ አየችው። «ታዲያ ጥርስዎ መሀል ያለው ክር ምንድን ነው?»

የሻው በምላሱ ፈለገው። «ይሄ? የማንጎ ነው።»

«ማንጎ ይበላሉ?»

«ማንጎ ደግሞ ምግብ ነው እንዴ?» አለ የሻው።

«ምግብ ነው እንዴ?» አለ ሚፍታህም ተቆጥቶ።

ዓፊያ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ እስክትጠግብ ሳቀች። «እኔም እዚሁ ነው ያደግሁት፣ ይገባኛል። አንድ ቁራጭ ቢቀምሱ ምንም አይልም። ግን ስንት ይበላሉ?»

«ሳፋው እስኪያልቅ» አለ የሻው በሐቅ።

የሚፍታህ እጅ ወደ ቀበቶው ሄደ፤ ሰሞኑን ጠበቅ ሲለው ዝናብ ቆዳውን ያሳጠረው መስሎት ነበር።

«የማንጎው ወቅት እስኪያልፍ ጊዜ እሰጥዎታለሁ» አለች ዓፊያ። «ከዚያ በኋላ ግን መድኃኒት ነው፣ ቲቸር።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አጥሩ ዝም አለ። የሻው መጀመሪያ እፎይ አለ። ማታ ሙሉ እንጀራ አስቀርቦ እጁን ዘረጋ፤ ከአጥሩ ወዲያ ጩኸት ጠበቀ። የለም። ትንሽ ቆረሰ፤ አሁንም የለም። የሚከለክለው ያጣ እንጀራ እንዲህ ደረቅ መሆኑን አያውቅም ነበር። ቁራሹን መለሰው።

«ሂድና አነጋግረው» አለችው ለተማርያም። «ቤቱ ጭር አለብኝ።»

«አልተጣላንም እኮ።»

«እሱማ ከራሱ ጋር ነው የተጣላው። ተነስ!»

የሻው ዞሮ ሲገባ ግቢው ውስጥ ሰው የለም። የማንጎው ዛፍ ግን ያቃስታል። ቀና ሲል ሚፍታህ ጫፍ ላይ፣ ጆንያ አንገቱ ላይ አስሮ፣ የበሰለውንም ጥሬውንም ሳይለይ እየሸመጠጠ ነው።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«ስኳርህን እያወረድኩ ነው!»

«ይበቃል፣ አንተ ራስህ ውረድ!»

«መውረዱን አላሰብኩበትም» አለ ዛፉ። «ቀበቶዬን ቅርንጫፍ ይዞታል።»

«ፍታው!»

«ሱሪዬስ?»

የቀርከሃ አጥር ወሬ አይከለክልምና ሰፈሩ ተሰበሰበ። ሀምዲያ እንኳ ምድጃዋን ትታ መጣች። «ገንፎ ብትበላ ኖሮ ጉልበት ነበረህ!» አለችው ከታች። ለተማርያም ፊቷን አዞረች፤ የሻው መሰላል ደገፈ፤ ክቡር አማካሪው በአንድ እጁ ዛፉን፣ በሌላው ክብሩን ይዞ ወረደ። ማንጎው በጆንያ ታስሮ ጉባ ላሉ ዘመዶቹ ተጫነ።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ እራት ከበሉ በኋላ በአንድ ጃንጥላ ሥር ሲራመዱ መታየት ጀመሩ። «ቁጭ ካልክ ስኳሩ ይተኛብሃል፤ ተራመድ» ይላል ሚፍታህ፤ ድምፁ ግን ትንሽ ተሰብሯል። አሁን ከምክሩ ፊት «ዓፊያን ጠይቄአት» የሚል ያስገባል። ዝናቡ ሲጠና የቀርከሃ ቡቃያ ከመንጌ አስመጣ፤ ለተማርያም በቃሪያ ሠራችው።

የመጨረሻው ቀጠሮ ቀን ሚፍታህ ወደ ክፍሉ አልገባም። «እኔ ስገባ ነው የሚጨምረው» ብሎ ኮሪደሩ ላይ ሚስቱ ምጥ እንደያዛት ሰው ይንቆራጠጥ ጀመር። ውስጥ የሻው ግድግዳውን እያየ ጣቱን ሰጠ።

«ወርዷል፣ ቲቸር» አለች ዓፊያ። «መድኃኒት አያስፈልግም። እንዲሁ ይቀጥሉ።»

የሻው ሊወጣ ሲል የተማሪነት ተንኮሉ ተነሳበት። ሚፍታህ ሠርግ ላይ በስንት ሰው ፊት አዋርዶታል፣ ዛሬ ትንሽ ይቅመስ። ፊቱን አጥቁሮ፣ ትከሻውን ጥሎ ወጣ። ሚፍታህ አየውና አግዳሚው ላይ ዘፍ አለ።

«መርፌ ጀመሩህ?»

የሻው አንገቱን ደፋ።

«በቃ» አለ ሚፍታህ እጅጌውን እየሰበሰበ። «እኔም ልወጋ። አንተ በተወጋህ ቁጥር እኔም እወጋለሁ። የፈለገው ይሁን፣ ዝም ብለው ውኃ ይውጉኝ። ብቻህን አትወጋም።»

ዓይኑ እንባ አቅርሯል። የሻው ያዘጋጀው ተንኮል ሁሉ ጠፋበት። «ወርዷል አንተ! ወርዷል!»

«አልሐምዱሊላህ!» ኮሪደሩ ተናወጠ። ሚፍታህ የሻውን አቀፈው፣ ለቀቀው፣ እንደገና አቀፈው፤ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። በዚያው እጅጌ ወደ ወረፋው አመለከተ፤ አንድ ሽማግሌ ተራቸውን ሲጠብቁ ዳቦ ይቆርሳሉ።

«አባባ፣ እሱን ነገር ትንሽ አስቀምጡልኝ እስቲ። በአንድ ቀን አይደለም፣ ቀስ ተብሎ ነው...»

ሌላ ጊዜ ቢሆን የሻው እጁን ይዞ እየጎተተ ያወጣው ነበር። ዛሬ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፣ ጃንጥላውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ፣ ሊሰማም ተደላደለ። አጠገቡ የተቀመጠች ሴት ወደ ጆሮው ጠጋ አለች።

«ሐኪም ነው እንዴ?»

«ኧረ ከሐኪም ይብሳል» አለ የሻው፣ ከሚፍታህ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ። «ጎረቤቴ ነው።»