ኧረ አንቺ ቅደሚ

ሁለት ጨዋ ሰዎች በር ላይ ሲገናኙ አይታችሁ ታውቃላችሁ? «ይቅደሙ» ይላል አንዱ። «ኧረ በሞቴ፣ እርስዎ ይቅደሙ» ይላል ሌላው። ከኋላ የቆምነው ባለጌዎች ፀሐይ ይመታናል። እኔ በበኩሌ ክፍት በር ካየሁ ከገባሁ በኋላ ነው ሰላም የምለው። እናቴ በዚህ አመሌ እንዳፈረችብኝ ነው የኖረችው። ዘንድሮ ግን ጨዋነትን ራሱን ታዘብኩት፤ አዘንኩም።

የምሠራው እንጦጦ ሥር፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ከፍ ብሎ ባለ የምርምር ተቋም ውስጥ ነው። ሥራችን ብርሃንን ቅንጣት በቅንጣት ለይቶ ማጥናት ነው። ሰፈራችን መብራት በጠፋ ቁጥር ጎረቤቶቼ የሚደውሉልኝም ለዚሁ ነው። አዲስ ተማሪዎች ሲመጡ በየላብራቶሪው ጥቂት ጥቂት ሳምንት እየዞሩ ይሠራሉ፤ ሮቴሽን እንለዋለን። ዙሩ ሲያልቅ ተማሪው ይመርጣል፣ መምህሩ ይቀበላል። ዘንድሮ ታዲያ አንድ ነገር ተጨመረ፤ ተማሪ ያላገኘ ቡድን ክፍሉን ያስረክባል።

ከእኔ ግድግዳ ወዲያ ያለው የዶክተር መስፍን ክፍል ነበር። ከካራ በታክሲ እየተመላለሱ፣ አንዲት ያረጀች ሌዘር ሲያባብሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ወደ እንጦጦ የሚወጣ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር የሌዘሯን ጨረር የሚመሩት መስታወቶቻቸው ይናጋሉ፤ ከዚያ እንደገና በጣት ጫፍ ማስተካከል ነው። ሰላማዊት የምትባል ተማሪ በዙሯ እሳቸው ዘንድ ደረሰች። እጇ ለዚህ የተፈጠረ ነው። ጠፍቶ የነበረው ጨረር ተመልሶ መስመሩን ሲይዝላት፣ ዶክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ሲጠርጉ በበሩ አይቻለሁ። «እግዜር ይስጥልኝ» አሏት። በቃ። እዚሁ ቅሪ አላሏትም።

እሷም ጠበቀች። ዝም አይነቅዝም ተብላ ያደገች ልጅ ናት፤ «ይውሰዱኝ» ማለት ድፍረት መሰላት። ዝምታቸው ሲረዝም ደግሞ አልፈለጉኝም አለች። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል የሚለውን ያስታወሳት የለም። ዙሯ ቀጥሎ እኔ ጋ አመጣት። ይሉኝታ ያልፈጠረብኝ ሰውዬ ገና በመጀመሪያው ቀን «ጎበዝ ነሽ፣ እኔ ጋ ሁኚ» አልኳት። አቀርቅራ «እሺ» አለች። እኔ ደስ ያላት መስሎኝ ነበር።

ዶክተሩ ተማሪ ሳያገኙ ቀርተው ክፍላቸው የሚለቀቅ ዕለት ሰላማዊት ዕቃ ላግዝ ብላ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። ምርጫው ከጸደቀ ሰንብቷል፣ ክፍሉም ለሌላ ተሰጥቷል። እሳቸው መስታወቶቹን በጋዜጣ ይጠቀልሉ ነበር።

«ዶክተር፣ ቢጠይቁኝ እኮ እቀር ነበር» አለች።

ቀና አሉ። «እንዴ፣ ልጄ! ሽማግሌ ሲለምንሽ እምቢ ማለት እንዳይቸግርሽ ብዬ ነው እንጂ! ምነው አንቺ ብትነግሪኝ?»

«ድፍረት እንዳይሆንብኝ ብዬ ነዋ...»

እኔ፣ አፌ የማያርፈው፣ ጋዜጣ አንስቼ መስታወት መጠቅለል ጀመርኩ። አንጀቴን በሉት።

ዕቃው ተሸክፎ ሁለቱ ካርቶን ካርቶናቸውን ይዘው ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ተገጣጠሙ።

«ይቅደሙ» አለች።

«ኧረ አንቺ ቅደሚ» አሉ።

ሁለቱም ቆሙ። ከኋላ የሌዘሯን ጠረጴዛ የተሸከሙት ሰዎች «መንገድ! መንገድ!» ብለው ጮኹ። አንዳቸው ወደ ግራ፣ አንዳቸው ወደ ቀኝ ግድግዳውን ተጠግተው ቆሙ፤ ጠረጴዛው ቀድሟቸው ወጣ።