አረንጓዴው ብዕር

አራሚ የሌለው መንደር እንግሊዝ ውስጥ አልተቆረቆረም። ቤተ ክርስቲያን የሌለው አይቻለሁ፣ መጠጥ ቤት የሌለውም እንኳ አይቻለሁ፤ አራሚ የሌለው ግን የለም። ለእኛ ረግረግ ዳር መንደር የደረሱን ክቡር ሚስተር ፔንፎልድ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር፣ የወፍ ተመልካቾች ማኅበራችን ማንም ያልመረጣቸው ዳኛ።

እኛ እንግሊዞች "መንጋ" ብለን መገላገል ስንችል፣ ለየወፉ መንጋ የየራሱን ስም አውጥተናል። የቁራ መንጋ "ግድያ" ይባላል፤ የጉጉት ደግሞ "ፓርላማ"። ግማሹን ስም የሚጠቀምበት ሰው የለም። እሳቸው ግን ይጠቀሙበታል፤ ሌላው ሰው ካልተጠቀመ ደግሞ ምግብ አይዋጥላቸውም።

የእህቴ ልጅ ስታገባ ሙሽራዋ ቀና ብላ "ጣሪያው ላይ ያለው ቁራ ብዛቱ" አለች። ሚስተር ፔንፎልድ ባርኔጣቸውን አነሡና "ስም አለው እኮ፣ የኔ ልጅ። ግድያ ነው የሚባለው" አሏት። ፎቶዎቹ ላይ የሙሽራዋ ድንጋጤ እስከ ዛሬ ያስታውቃል።

በመመልከቻ ጎጇችን ያየነውን የምንጽፍበት መዝገብ አለ። እሳቸው በአረንጓዴ ብዕር ያርሙታል። የዝይ መንጋ መሬት ላይ ሲሆን "ጫጫታ"፣ ሲበር ደግሞ እንደ ክር "ቱባ" ነው። ይህንን ስቼ አራት ጊዜ ታርሜያለሁ። የማኅበሩ ጸሐፊ ዶሪን "እኚህ ሰውዬ ገነት ቢገቡም መላእክቱን ሳያርሙ አይቀመጡም" ትላለች።

ጥር ላይ በረዶ አዳለጣቸውና ዳሌያቸው ተሰበረ። ከሆስፒታል ወጥተው በራቸውን ዘጉ። ሐኪሙ በክራንች ይራመዱ ቢላቸውም እሺ አላሉም። ዶሪን ሾርባ ስትወስድላቸው "ወፎቹ ያለ እኔም ይበራሉ" አሏት።

መዝገቡ ዐሥር ሳምንት ሳይታረም ቆየ። ንጹሕ ገጽ እንዲህ እንደሚያስጠላ አላውቅም ነበር። አንድ ቀን ብዕሬን አነሣሁና "አራት መቶ ዝይ፣ ትልቅ ጫጫታ፣ በሰማይ ሲበር" ብዬ ጻፍኩ። ከዚያም ዶሪንን ከሾርባው ጋር ወደ እሳቸው ላክኋት።

"የጻፍኩትን ነገርሻቸው?"

"ነገርኳቸው። ከነሙሉ ቃሉ።"

"ምን አሉ?"

"ማንኪያቸውን አስቀመጡ።"

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ጎጆው ስሄድ የመንገዱ ጭቃ በክራንች ተበሳስቶ አገኘሁት። መዝገቡን ገለጥኩ። "ጫጫታ" የሚለው ቃል ላይ አረንጓዴ መስመር ተሰምሮበታል፤ ከላዩ "ቱባ"፣ ከሥሩ ደግሞ "ስም አለው እኮ" ተጽፏል።

ናፍቀውኝ ነበር። ቁጭ አልኩና ለሰኞ የሚሆን ሌላ ስሕተት ተጠንቅቄ ጻፍኩ።