ባቡሩ ቆሞ ሳለ የቆጠርኳቸው ወፎች

የእኛ ሰፈር ሰው መቆጠር አይወድም። ወረቀት የያዘ ሰው በር ሲያንኳኳ ግማሹ ቤተሰብ በጓሮ ይወጣል፤ የቀረው ስሙን ለመናገር እንኳ ያመነታል። ልጆችሽ ስንት ናቸው ሲሏት «እግዜር የሰጠኝን ያህል» ብላ የምትመልስ እናት እዚህ አቃቂ በየደጁ አለች። እናንተም ያው ናችሁ፤ አትሳቁ። እኔ ግን ስቆጥር ከረምኩ። ያውም የሰማይ ወፍ።

ነገሩ የመጣው ሰናይት ከምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጋር ነው። ጭቃ የማትፈራ ልጅ ናት። በሐዲዱ ዳር ጓሮ ያለንን ሰዎች ሰብስባ የወፍ ሥዕል ያለበት ወረቀት አደለችን፤ ሁለት ወር ሙሉ፣ በየጠዋቱ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ተኩል፣ ጓሯችን የሚያርፉትን እንድንቆጥር። ከየሰፈሩ የመጣው አንድ ላይ ሲታይ የትኛው ወፍ እየበዛ፣ የትኛው እየጠፋ እንደሆነ ይታወቃል አለች። አንዷ ጎረቤቴ «ዛሬ ወፉን፣ ነገ ጎመኑን ሊያስከፍሉን ነው» ብላ በየቀኑ ሁለት ድንቢጥ ብቻ አስመዘገበች። ኮክ ዛፏ በወፍ ብዛት ጎብጦ በዓይኔ እያየሁት።

አቶ ግርማ ደግሞ አሉ። ጡረታ የወጡ የባቡር ጣቢያ ጸሐፊ ናቸው፤ የእጅ ጽሑፋቸው ጥልፍ ነው የሚመስለው። እሳቸውም ሊቆጥሩ ወረቀት ወስደዋል፤ እኔ ስቀበል አይተው ሳቁ።

«በላይነሽ፣ አንቺ ደግሞ ፊደል ሳትጨርሺ ሳይንስ ጀመርሽ?»

«ወፎቹም አልጨረሱም» አልኳቸው።

አፌ መለሰ እንጂ ሆዴ ቆስሏል። የእኔ ቆጠራ ከእሳቸው ቆጠራ ጎን ካልተቀመጠ በደጃቸው ቀና ብዬ አላልፍም ብዬ ለራሴ ማልኩ።

አሠራሬን ልንገራችሁ። በርጩማዬን ጓሮ አወጣለሁ፣ ጣሳዬን ጉልበቴ ላይ። ድንቢጥ ስታርፍ ምስር፣ ዋኔ ሲያርፍ ሽንብራ፣ ቁራ ሲመጣ ባቄላ እጥላለሁ። ስጨርስ ጣሳውን ገልብጬ በየሥዕሉ ትይዩ መስመር አሰምራለሁ። ሲዘንብ ጆንያ ተከናንቤ፣ ወገቤን ሲቆርጠኝ ግድግዳ ተደግፌ፣ አንድ ቀን አላጎደልኩም። በዓልም ቢሆን። ወፍ በዓል አያከብርም።

ሰዓት ግን የለኝም። ሟቹ ባለቤቴ የባቡር ሠራተኛ ስለነበር ቤታችን ሠላሳ ዓመት የኖረው በባቡሩ ጩኸት ነው። የጠዋቱ ባቡር አንድ ሰዓት ላይ አቃቂ ይገባል፤ ዕቃ ጭኖ አንድ ተኩል ላይ ይወጣል። እኔም ሲገባ ጀምሬ ሲወጣ አቆማለሁ። እርግጥ ባቡሩ እንደ እኔው አርጅቷል፤ አንዳንድ ቀን እስከ ረፋድ ቆሞ ሲያስል ይውላል። ይቁማ። እሱ እስኪወጣ እኔም ቁጭ ነኝ። በእኛ ቤት ግማሽ ሰዓት ማለት ባቡሩ ጣቢያ ያለበት ጊዜ ነው።

ሁለት ወሩ አለቀና ሰናይት አቶ ግርማ በረንዳ ላይ ሰበሰበችን። የእኔን ወረቀት ስታገላብጥ ቆመች።

«እማማ፣ እዚህ ቀን ላይ ዘጠና ዋኔ፣ በማግስቱ ስምንት። እንዴት ነው?»

«ያን ዕለት ባቡሩ ተበላሽቶ ነበር» አልኳት። አልገባትም፤ አስረዳኋት። ስትረዳ ፊቷ ወደቀ።

«እማማ፣ ልፋትዎ ድንቅ ነው። ግን በየቀኑ ስንት ደቂቃ እንደቆጠሩ ካላወቅን ከሌላው ጋር ማወዳደር አንችልም። ይሄን ወረቀት መተዋችን ነው።»

ስልሳ ጠዋት። ምስሩ፣ ሽንብራው፣ ባቄላው ሁሉ ደረቴ ውስጥ ተዘረገፈ። አቶ ግርማ ፊት ግን አላለቅስም።

እሳቸውማ ሠርግና ምላሽ ሆነላቸው። «ስንት ደቂቃ እንደተቀመጠች እሷ አታውቅም፤ እኔ አውቃለሁ» ብለው ገብተው ጥቁር ደብተር ይዘው ወጡ። ለካ ጡረታ ቢወጡም በየጠዋቱ ጣቢያው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ባቡሩ የገባበትንና የወጣበትን ደቂቃ መጻፍ አልተዉም። «ይኸው፣ ዘጠና ዋኔ ያለችው ዕለት ባቡሩ የወጣው አራት ሰዓት ከሩብ ነው። እዚያው ሆኜ በእጄ የጻፍኩት ነው። ይሄ ግማሽ ሰዓት ነው?»

ሰናይት ደብተሩን ከወረቀቴ ጎን ዘረጋችው። ቀኑን ከቀኑ ጋር በጣቷ እየተከተለች አስተያየች፤ ቀስ በቀስ ፊቷ በራ።

«እማማ፣ ደቂቃዎ ተገኘ። የአንድም ቀን አልጎደለም።» ከዚያ ቀና ብላ፣ በትሕትና፣ «አባባ፣ እርስዎ በየጠዋቱ ጣቢያ ከነበሩ፣ የጓሮዎን ወፍ ማን ቆጠረልዎ?»

ያን የሚያምር ወረቀታቸውን ያኔ ሁላችንም አየነው። ዐሥራ ሁለት ድንቢጥ፣ አራት ዋኔ፣ አንድ ቁራ። በማግስቱም ዐሥራ ሁለት፣ አራት፣ አንድ። ስልሳውንም ቀን። ጣቢያው ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የጊዜ ሰሌዳም እንዲሁ ያምራል፤ እዚያ ላይ ባቡሩ ዘግይቶ አያውቅም። አቶ ግርማ ብዕራቸውን ሊከድኑ መክደኛ ፈለጉ። ብዕሩ የተከደነ ነበር።

የዓመታት ስድብ አፌ ላይ ነበር፤ ዋጥኩት።

«ልጄ፣ ደቂቃው የእሳቸው ነው። ሁለታችን ቆጠርን ብለሽ ጻፊ» አልኳት።

ለጽድቅ እንዳይመስላችሁ። ከዚያ ወዲያ ባዩኝ ቁጥር ባርኔጣቸውን እንዲያነሱ ፈልጌ ነው። ያነሳሉም።

አሁን ሁለተኛው ዙር ላይ ነን። እሳቸው ሰዓትና ደብተራቸውን ይዘው ጓሮዬ መጥተው ይቀመጣሉ፤ እኔ ጣሳዬን ይዤ። ዛሬ ጠዋት ባቡሩ ጭራሹን ቀረ። አቶ ግርማ ብዕራቸውን እንዳነሱ ወደ ሐዲዱ ሲያዩ ቆዩና «በይ እንግዲህ፣ ምን ብዬ ልጻፍ?» አሉኝ።

«ወፎቹ መጥተዋል» አልኳቸው። «እነሱን ይጻፉ።»