ሐጂ አልበራም ካሉ

ባሕር ዳር ጣና አላት፣ ዘንባባ አላት፣ ሰፋፊ መንገድ አላት። የግሽ አባይ ሰፈር ግን ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ሀብት አለው፤ ትልቁን የሚያከብር ሰው። በዚህ ሰፈር ትልቅ ሰው ሲናገር ታናሽ «ልክ ነው» ይላል፤ ትልቅ ሰው ሲሳሳትም ታናሽ «ልክ ነው» ይላል። ሁለቱን ለይቼ ልወቅ ያለ ጋጠወጥ እስካሁን አልተፈጠረም። የጨርቅ ነጋዴው አኒስ አንድ ሐሙስ ቀን ለዚህ ታላቅ ባህል ያበረከተው አስተዋጽኦ እንዲሁ ተረስቶ ቢቀር ስለሚያሳዝን፣ እነሆ በክብር ይነገራል።

አኒስን ያሳደጉት አያቱ ሐጂ ሙሀመድዘይን ናቸው። ወላጆቹ ገና በልጅነቱ ስለሞቱበት አባትም እናትም ሆነውታል፤ እሱም በዕድሜው ሙሉ አንድ ቀን እንኳ «አይደለም» ብሏቸው አያውቅም። ዘንድሮ ልቡን የወረታዋ ሱምያ ወሰደችበት። ሱምያ የእህቱ የሰሚሐ ጓደኛ ናት፤ ፔዳ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ አብረው ተምረዋል። አባቷ ደግሞ ነገር ማንዛዛት የማይወዱ ነጋዴ ናቸውና ቁርጡን ነግረውታል። «ሐሙስ ጀምበር ሳትጠልቅ፣ ከመግሪብ በፊት ሽማግሌ ላክ። ከጎንደርም የሚጠይቁኝ አሉ። ቀድሞ ለመጣው ቃል እሰጣለሁ» ብለውታል።

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ አልቆ ነበር ማለት ይቻላል። ረቡዕ ማታ ግን አኒስ በአሮጌዋ የቤተሰብ ላንድክሩዘር ከወረታ ሲመለስ ዘንዘልማ ላይ ሁለቱም የፊት መብራቶች ባንድ ጊዜ ድርግም አሉ። የአንድ አይሱዙን ጅራት እንደ ጥጃ እየተከተለ እንደ ምንም ቤቱ ገባ። ሐጂ ይህን ሲሰሙ፣

«መሄዱንስ በቀን እንሄዳለን፤ መመለሻው ጨለማ ነው» አሉ። «መብራት በሌለው መኪና ሽማግሌ ይዤ አልወጣም። መጀመሪያ ይሠራ።»

ብልህ ቃል ነው። ቀኑን ሙሉ ከተነገሩት ቃላት ሁሉ ብልህ የነበረውም ይኸው ብቻ ነው።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣ የሚላኩት ሽማግሌዎች ግቢ ውስጥ ሲጠባበቁ፣ መኪናዋ ከግቢ ወጥታ መንገድ ዳር ቆመች፤ ኮፈኗም ተከፈተ። ኮፈን የተከፈተበት ቦታ ሰው አይጠፋም። የመጀመሪያው ጎረቤቱ አዘዘ ነበር። አዘዘ በወጣትነቱ ተሳቢ የነዳ ሰው ነው፤ የዓለም ችግር ሁሉ መነሻው ባትሪ መሆኑንም በጽኑ ያምናል። ሚስቱን ጉልበቷን ሲያማትም መጀመሪያ የጠረጠረው ባትሪ ነው ይባላል። ቀጥሎ ፔዳ የሚያስተምረው መምህር መልካሙ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ደረሰ።

«ባትሪ ነው» አለ አዘዘ፣ ገና ሳያይ።

«ክላክሱ እኮ ይጮኻል» አለ አኒስ።

«ክላክስ ሌላ ነው።»

«ወንድሞቼ፣ ችግሩን ከሥር መሠረቱ ለይተን ደረጃ በደረጃ ብንሄድ ይሻላል» አለ መልካሙ።

የመኪና መብራት ሲፈተሽ አንዱ ውስጥ ተቀምጦ ማብሪያውን ይነካል፤ ሌላው ፊት ለፊት ቆሞ «በራ» ወይም «አልበራም» ይላል። ሁለተኛው ሥራ ፍርድ ነው። ፍርድ ደግሞ የትልቅ ሰው ስለሆነ፣ ማንም ሳይነጋገርበት ለሐጂ ወንበር ወጣላቸውና ከመብራቶቹ ፊት ተቀመጡ። ሐጂ ዱሮ በታንኳ ከጣና ማዶ ደልጊ ድረስ እየተመላለሱ ይነግዱ በነበረ ጊዜ ዐይናቸው የተመሰከረለት ነበር። ዛሬም ጣና ዳር ቆመው ደልጊ ላይ የሚበራውን መብራት እንደሚያዩ ይናገራሉ። እርግጥ ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጃቸውን ሰሚሐን በር ላይ አግኝተው «እንዴት ዋልህ አዘዘ» ብለዋታል። ይህ ግን ከሐሳብ ብዛት እንጂ ከዐይን እንዳልሆነ ቤተሰቡ በሙሉ ድምፅ አጽድቆታል።

ፊውዙ ተነቀለ፤ ተቃጥሎ ተገኘ። ለጊዜው የሬዲዮኑ ፊውዝ ተነቅሎ በቦታው ገባ። አኒስ በልቡ «ቢስሚላህ» ብሎ ማብሪያውን አዞረ።

«በራ?»

«አልበራም» አሉ ሐጂ።

እዚህ ላይ ለእውነት ሲባል አንድ ነገር መናገር ግድ ነው፤ መብራቱ በርቷል። ሁለቱም በርተዋል። አዘዘ አይቷል፣ መልካሙ አይቷል። አኒስ ራሱ ከማዶ ባለው ሱቅ መስታወት ላይ ሁለት ዐይኖች ሲያፈጡበት አይቷል። ደስታው ጉሮሮው ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠው።

ሦስቱ ሰዎች ተያዩ።

«እኔማ በጎን ስለቆምሁ ነው» አለ አዘዘ ጉሮሮውን ጠርጎ። «ሐጂ አልበራም ካሉ አልበራም።»

«ብርሃን መኖሩ አንድ ነገር ነው» አለ መምህር መልካሙ። «ተቀባይነት ማግኘቱ ግን ራሱን የቻለ ሌላ ጉዳይ ነው።»

በዚህ መልክ፣ የሚሠራውን መብራት የመጠገን ሥራ በይፋ ተጀመረ። አምፖሎቹ ወጥተው አዲስ ገባ፤ አዲሱ ከአሮጌው ይልቅ ቦግ አለ። ሐጂ አልበራም አሉ። ሽቦው ተፈቶ ተጠረገና ታሰረ። አልበራም። አዘዘ የመብራቱን መስታወት በጥርስ ሳሙና አሽቶ እንደ ጨረቃ ቢያጠራው፣ ሐጂ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው፣ «እንዲያውም ጠቆር ብሏል» አሉ።

አኒስ አንድ ዘዴ መጣለት።

«ሐጂ፣ እስቲ እጅዎን መስታወቱ ላይ ያኑሩት። የሚሞቅ ከሆነ...»

ሐጂ እየዳበሱ አኖሩ።

«ይሞቃል» አሉ።

«አልሐምዱሊላህ!»

«የጸሐይ ነው። የጸሐይንና የአምፖልን ሙቀት ለይቼ አላውቅም ብለህ ነው?»

በዚህ መሐል ሰሚሐ ስልኳን ይዛ ከግቢ ብቅ አለች። «እንዴ! መብራቱን አጥፉት እንጂ፤ ባትሪውን ልትጨርሱት ነው» አለች።

«የቱን መብራት?» አሉ ሐጂ።

«ሰሚሐ፣ ግቢ!» አለ አኒስ ከመኪናው ውስጥ ተስፈንጥሮ።

«በርቷል እኮ! ሁላችሁም ፊት ለፊታችሁ...»

«ሴት ልጅ ስለ መኪና ምን ታውቃለች» አለ አዘዘ፣ ብርሃኑ ስላስቸገረው ዐይኑን በመዳፉ ከልሎ።

ሰሚሐ አንድ በአንድ አየቻቸው። ከዚያ ስልኳን ቀና አድርጋ መኪናዋንም ሰዎቹንም ቀረጸችና ተመልሳ ገባች።

የከሰዓቱ የዐስር ሶላት አዛን አለ። ሱምያ «የት ደረሳችሁ?» ብላ ጻፈች፤ አኒስ «ልንነሳ ነው» ብሎ መለሰ። ከዚያም ቆይታ ደግማ ጻፈች። አንዲት ቃል ናት የቀረችው፤ ያቺን ቃል ቢናገር ወረታ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። አንዴ ቆረጠና ወደ ወንበሩ ሄደ።

«ሐጂ...»

«ምነው ልጄ?»

«ዐይንዎን...»

«ዐይኔን ምን?»

«ዐይንዎን ጸሐይ እንዳይመታዎ ጃንጥላ ላምጣልዎ ብዬ ነው።»

«አምጣ፣ ተባረክ። እንዳንተ ያለ ልጅ ለሁሉም ይስጠው።»

ጃንጥላው መጣ። መብራቱ በጠራራው እንደበራ፣ ሰዎቹም እንዳልበራ እየተስማሙ፣ ጸሐይዋ ወደ ጣና አዘቀዘቀች። የመብራቱ ብርሃን ቀስ እያለ ደከመ፤ ቢጫ ሆነ፣ ቀላ፣ ከዚያ ጭራሹን ጠፋ። ባትሪው አልቆ ነበር። ልክ በዚያች ደቂቃ ከሐጂ ጀርባ ዝቅ ያለችው ጸሐይ፣ በጥርስ ሳሙና የጠራውን መስታወት አግኝታ ፊታቸው ላይ ቦግ አደረገችው።

ሐጂ ጃንጥላውን ጥለው ብድግ አሉ።

«በራ! አልሐምዱሊላህ! እዩት፣ በራ!»

«በራ!» አለ አዘዘ ከማንም ቀድሞ። «አላልሁም? ባትሪ ነበር!»

«የጋራ ጥረታችን ውጤት ነው» አለ መልካሙ፣ እጅም አጨበጨበ። አኒስም የጠፋውን መብራት አየ፣ የሐጂን ደስታ አየ፣ «በራ» አለ።

ነጭ ጀለቢያ ለብሰው ከቀትር ጀምሮ ሲጠባበቁ የዋሉት ሽማግሌዎች እየተጋገዙ ተሳፈሩ፤ ሐጂም የፊት ወንበር ያዙ። አኒስ ቁልፉን አዞረ። መኪናዋ ጠቅ ብላ ዝም አለች። ደግሞ ቢያዞር ጠቅ ማለቱንም ተወችው።

አዘዘ በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ ለረጅም ጊዜ ካሰበ በኋላ፣ «ይኼ እንኳ ባትሪ አይመስለኝም» አለ።

ሽማግሌዎቹ ወርደው መግፋት ጀመሩ። ጥቂት ገፍተው ሳለ የመግሪብ አዛን ከየመስጊዱ ተሰማና፣ መኪናዋን ትተው ለሶላት ተበተኑ። የአኒስ ስልክ የጠራው ያኔ ነው።

«አኒስ፣ ሰሚሐ የላከችልኝን አየሁት» አለች ሱምያ። «መብራቱ በርቷል።»

«አዎ፣ በርቶ ነበር።»

«አንተስ አይተኸዋል?»

«አይቸዋለሁ እንጂ!»

«ታዲያ ለምን አልተናገርህም?»

«እሳቸው አልበራም ካሉ እኔ ማን ነኝ ሱምዬ?»

ከወረታ በኩል የብዙ ሰው ድምፅና የብርጭቆ ኳኳታ ይሰማል።

«ጎንደሮቹ መጥተዋል» አለች ቀስ ብላ። «አባቴን ለምኜው እስካሁን ቃል አልሰጣቸውም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ፤ ከዚያ እኔው ቁርጡን እነግረዋለሁ። አግብተኸኝ ቤታችሁ ገባሁ እንበል። ሐጂ ፊት ቆሜ ሳለሁ እሳቸው ‹ሱምያ አልመጣችም› ቢሉ፣ አንተ ምን ትላለህ?»

አኒስ ቀና አለ። ሐጂ ከወንበራቸው ወርደው፣ ከሞተችው መኪና ፊት ብቻቸውን ቀርተው፣ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው፣ የሰማዩን የመጨረሻ ቅላት በመብራቱ መስታወት ውስጥ እያዩ ፈገግ ብለዋል። እኒያ እጆች ናቸው አጉርሰው ያሳደጉት። ጥያቄው ከባድ አልነበረም፤ መልሱንም ያውቀዋል፤ አፉንም ከፍቶ ነበር።

«ቆይ» አላት። «ሐጂን ጠይቄ ልደውልልሽ።»