የእድሩ ሸራና የነፋስ መለኪያችን

ሰው ተስፋ የሚጥልበት ነገር ሞልቶ ሳለ፣ እኔና አብሮኝ የተማረው ደስታ ሄደን ሄደን ነፋስ ላይ ጣልን። ነፋስን መከተል ከንቱ መሆኑን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ታዲያ የሰማ ሁሉ ይመከራል እንዴ? ወላይታ ሶዶ ላይ አንዲት ሼድ ተከራይተን የቤት ነፋስ መለኪያ የሚሠራ ድርጅት ከፈትን።

መሣሪያው ቀላል ነው። በበር መቃን ላይ ሸራ ይወጠራል፤ ከሸራው መሀል ትልቅ ማራገቢያ ይገባል። ማራገቢያው የቤቱን አየር ወደ ውጭ ሲስበው፣ የውጩ አየር ሊተካ በየስንጥቁ ይሾልካል። የመለኪያው መርፌም ቤቱ ምን ያህል ነፋስ እንደሚያስገባ ትናገራለች። ሙቀትም ቅዝቃዜም የሚያመልጠው፣ መብራትም የሚባክነው በዚያው ስንጥቅ ነው። እንዲህ ብዬ ሳስረዳ ሰዉ በትሕትና ያዳምጠኝና፣ “ጎበዝ፤ ግን ነፋስ መግባቱን ጀርባችን ይነግረን የለ?” ይለኛል። 

ገሱባ ከተማ ወስደን አንድ ቢሮ ላይ ሞከርነው። መርፌዋ የመጨረሻው ቁጥር ላይ ተተክላ ቀረች። ለካስ ጣሪያውና ግድግዳው ገና አልተገናኙም። ስንመለስ ደግሞ መንገዱ ሲያንገጫግጨን ውሎ ሸራችንን ተለተለው። ብልህ ሰው እዚያ ላይ ያቆም ነበር። ሞኝና ወረቀት ግን የያዘውን አይለቅም።

የቀረን አንድ ሰው ነበር። ጋሽ ክፍሌ፣ አባታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው ሶዶ ላይ የከፈቱትን ሱቅ ወርሰው፣ በጎኑ የአቮካዶ ማቀዝቀዣ ክፍል የሠሩ ነጋዴ ናቸው። ማቀዝቀዣው ቀን ከሌት ያጓራል፤ አቮካዶው ግን ይበስላል። “ቀዳዳውን ካሳያችሁኝ መሣሪያውን እገዛለሁ፤ ለነጋዴውም ሁሉ እናገራለሁ” አሉን። የሼዱ ውል ሊያልቅ ተቃርቧል። እሳቸው ካልገዙ ቁልፉን አስረክበን መበተናችን ነው።

ሸራ ከየት ይምጣ? ደስታ መላ አያጣም። የጋሽ ክፍሌ ሰፈር እድር አዲስ ድንኳን ሲገዛ የጣለውን አሮጌ ሸራ ለምኖ መጣ፤ ሰማያዊ፣ ጎኑ ላይ ቀይ እራፊ የተጣፈበት። ጠንካራ ነው፣ ነፋስ አያስገባም፣ በነጻ ነው። ሌላ ምን ይፈለጋል? የሰፈሩ ሰው በየለቅሶው ስንት ዘመን ዓይኑን ሲያሳርፍ የኖረው በዚያች ቀይ እራፊ ላይ መሆኑን ማናችንም አላሰብንም። ተምረናላ!

በማለዳ ሸራውን፣ ቀይ እራፊዋን ወደ ውጭ አድርገን፣ ወደ መንገድ በሚያወጣው የማቀዝቀዣ ክፍል በር ላይ ወጠርነው። በሱቁ በኩል አየር እንዳይገባ ጋሽ ክፍሌ ሱቃቸውን ዘጉ። እኚህ ሰው ለዓመት በዓል እንኳ ዘግተው አያውቁም። ብርዱን ፈርተው ነጭ ጋቢያቸውን ተከናንበው በሱቁ ውስጥ አልፈው ከእኛ ጋር ገቡ። ማራገቢያው እያላዘነ ተነሣ። ጋሽ ክፍሌ ግድግዳውን በእጃቸው እየዳበሱ ሄደው ሄደው፣ ጥግ ላይ ሞቅ ያለ ነፋስ መዳፋቸውን ነካቸው። “ይኸው ሌባው!” አሉ። በማጣበቂያ ደፈኑት፤ መርፌዋ ወረደች። ፊታቸው በራ። “እንግዲህ ልጆቼ...” ብለው ጀመሩ።

ያ ንግግር እንዴት ሊያልቅ እንደነበር እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ውጭ “ወንድሜን! ወንድሜን!” የሚል ጩኸት ተነሣ። ከሱቁ ማዶ ቅቤ የሚሸጡት እማማ አልታዬ ናቸው፤ በዚያ ሰፈር በለቅሶ የሚቀድማቸው የለም። ሱቁ ተዘግቷል፣ የእድሩ ሸራ ተሰቅሏል፣ ከውስጥ የሚያላዝን ድምፅ ይሰማል። ከዚህ በላይ ምን መርዶ አለ? ሰፈሩን አስከትለው መጡ። ለቀስተኛ ደግሞ በር አይዘጋበትምና ሸራውን በደረታቸው ጥሰው ገቡ። ማራገቢያው ሲሚንቶው ላይ ወድቆ ክንፉ ተሰባበረ። ጋሽ ክፍሌም በነጭ ጋቢያቸው እንደተከናነቡ ከጨለማው ብቅ አሉ።

የሸሸው ሸሸ፣ የወደቀው ወደቀ። ቀይዋን እራፊ ሲያዩ ግን ከሁሉ ይልቅ የደነገጡት ራሳቸው ጋሽ ክፍሌ ነበሩ። “በቁሜ የለቅሶዬን ሸራ ሰቀላችሁብኝ?” አሉ። ብንለምን ብናስለምን፣ ይህ ነገር ደጄን አይረግጥም ብለው እምቢ አሉ። አልፈርድባቸውም።

ስብርባሪው አጠገብ ተቀምጬ አለቀስኩ። የማፍርበት ነገር የለም፤ ልፋቴ ነው የወደቀው። እማማ አልታዬ እንባቸው ገና አላለቀም ነበርና አጠገቤ ቁጭ አሉ። “ልጄ፣ ክፍሌ ካለ ታዲያ የሞተው ማነው?” ብለው ጠየቁኝ። ማራገቢያውን አሳየኋቸው። አገላብጠው አዩትና ዕድሜውን ጠየቁኝ። ሁለት ዓመቱ ነው አልኳቸው። “ውይ! ገና ልጅ!” ብለው ለቅሶውን ካቆሙበት ቀጠሉ።

በማግሥቱ ሼዱን ልናስረክብ ዕቃ ስንሰበስብ የሰፈሩ ሰው ቦይና የሚሉትን የተቀቀለ ጎደሬ ይዞ ሊያስተዛዝን መጣ። ያችን ሸራም አምጥተው በራችን ላይ ሰቀሏት። በሕይወት ሳለ አንድ ደንበኛ ያልረገጠው ድርጅት፣ ሲሞት መቀመጫ ጠፋ። ጋሽ ክፍሌ ሳይቀሩ መጡ። “እግዜር ያጽናህ” ብለው አጠገቤ ተቀመጡ፣ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ፣ ጣሪያውንና ግድግዳውን ቃኙ።

“እዚህ ቤት ነፋስ ይገባል፤ ከየት ይሆን?” አሉኝ።

እሱን የሚያውቀው ሟች ብቻ ነበር።