ሊቀ አንቀጽ አዳም ከነጅሚያ ትሪ ላይ

ደንብ አዋቂ የሌለው ኮሌጅ ካለ ገና አልተከፈተም ማለት ነው። ሌላው ተማሪ እንደተመዘገበ ማደሪያውን ሲፈልግ፣ እሱ የማስታወቂያ ሰሌዳውን ይፈልጋል። ሌላው የመምህራኑን ስም ሳይለይ፣ እሱ የተማሪዎችን መመሪያ ጨርሶ እንደገና ጀምሯል። እናንተም ታውቁታላችሁ። ምናልባትም ደብተር አውሷችሁ መቼ እንደምትመልሱ አስፈርሟችኋል።

ነጅሚያ በምትማርበት የላሊበላ ኮሌጅ ይህ ማዕረግ የአዳም ነበር። አዳም ከነአኩቶ ለአብ ገዳም በላይ ካለ የገበሬ መንደር የመጣ፣ አንገቱ ረዘም ያለ፣ ክረምት ከበጋ አንድ ቡናማ ኮት የሚለብስ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው። ሊቃውንት በበዙበት ከተማ ማዕረግ አይጠፋምና ተማሪው ተስማምቶ "ሊቀ አንቀጽ" አለው። ሲሾሙት እያሾፉበት እንደነበር የገባው አይመስልም፤ ሹመቱን በአክብሮት ተቀበለ።

ዝናው የገነነው የድጋፍ ውል በተፈረመበት ቀን ነው። ኮሌጁ አቅም ከሌለው ቤተሰብ ለመጡ ተማሪዎች ካፌ የሚበሉበት ሚል ካርድና ጥቂት የኪስ ገንዘብ ይሰጣል፤ ተቀባዩም ውል ይፈርማል። ሁሉም ጣት በተቀሰረበት ቦታ እየፈረመ ሲያልፍ፣ አዳም ደረጃው ላይ ተቀምጦ ከመጀመሪያው መስመር ማንበብ ያዘ። ሰልፉ ከግቢ ወጥቶ አስፋልት ነካ። ጸሐፊዋ ፈርሞ በኋላ እንዲያነብ ብትለምነው፣ አንብቦ መፈረም መብቱ፣ የፈረመውን መፈጸም ደግሞ ግዴታው መሆኑን ረጋ ብሎ አስረዳት። ከኋላው የነበሩት በስድብ ነው ያስጨረሱት።

የኪስ ገንዘቡ በዘገየ ጊዜ ግን ተሳዳቢዎቹ ራሳቸው ፈልገው አገኙት። ሌላው በየጥጋጥጉ ሲያጉረመርም፣ እሱ የገንዘብ ቤቱ መስኮት ላይ ቆሞ ድጋፉ ለምን እንደዘገየ ተማሪው የማወቅ መብት አለው ብሎ ድርቅ አለ። ገንዘብ ያዡ አዳምን ከሩቅ ሲያይ መስኮት መዝጋት ለምዶ ነበር፤ በመጨረሻ ከፍሎ ተገላገለ።

የሊቀ አንቀጽ ችግሩ መብት ላይ አለማቆሙ ነው። ተማሪው አጨብጭቦ ሳይጨርስ "አሁን ደግሞ ወደ ግዴታችን እንምጣ" ይላል። ክፍል ሳይገባ ካፌ ብቻ የሚገኘውን ይገሥጻል። በድጋፍ የተሰጠውን ደብተር ቅዳሜ ገበያ አውጥቶ የሸጠ የክፍሉን ልጅ፣ ገዢውን አስፈልጎ ደብተሩን አስመልሶታል። ስለዚህ ጉዳዩ መብት ሲሆን ከፊት ያሰልፉታል፤ ግዴታ ላይ ሲደርስ የሁሉም ስልክ በአንድ ጊዜ ይጠራል።

ነጅሚያ ስልክ እየጠራ ነው ብላ መሸሽ አልሆነላትም። የጋሸና ልጅ ናት፤ እናቷ ኡሙሀኒ መገንጠያው ላይ ለሾፌሮች ሻይና ምግብ ይሸጣሉ። እዚያ ቤት ያደገ ሰው ትሪ ይዞ ብቻውን መብላት አያውቅበትም፤ ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን "እንብላ" ካላለ እህሉ አይወርድለትም። በሁለተኛው ሴሚስተር ሊቀ አንቀጽ ትሪ ሳይዝ እየመጣ ፊት ለፊቷ ይቀመጥና ስለ ድጋፍ ተቀባዮች መብት ያስተምራት ጀመር። እንብላ አለችው። እምቢ ብሎ ትንሽ ከተግደረደረ በኋላ በላ። ሲጎርስ ደግሞ ዝም አለ።

"ወላሂ መድኃኒቱን አገኘሁት" ብላ ለጓደኞቿ አወራች። ከዚያ ወዲያ ገና "አንቀጽ" ሊል አፉን ሲከፍት በሽሮ ጉርሻ ትዘጋዋለች። ጠረጴዛው በሳቅ ይፈርሳል፤ ሊቀ አንቀጽም እያኘከ በእጁ ቆይ፣ ቆይ ይላል።

ይህን ሳቅ የካፌው ተቆጣጣሪ ሰማ። ደንቡ ግልጽ ነበር፦ ድጋፉን ለሌላ ሰው ያካፈለ ተማሪ ድጋፉን ያጣል። ነጅሚያ የድጋፍ ኮሚቴው ፊት እንድትቀርብ ተጠራች። ሚል ካርዱ ከተነጠቀ ትምህርቱ አበቃ፤ የእናቷ ሻይ ቤት ጋሸና ያሉትን ታናናሾቿን ይመግባል እንጂ ላሊበላ ድረስ አይደርስም። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም።

ጓደኞቿ ካጂ አሏት። ተቀምጦ ነበር እንጂ አልበላም በይ፣ ማን ይመሰክራል? ሊቀ አንቀጽ ግን በጠዋት መጥቶ መብቷን ዘረዘረላት። የተከሰሰችበትን ማወቅ መብቷ ነው፣ መልስ መስጠት መብቷ ነው፣ አጋዥ ይዞ መግባትም መብቷ ነው፤ አጋዡም እሱ ነው። ነጅሚያ አንተን ይዤ ከገባሁማ ዛሬውኑ ጋሸና ነኝ ብትለውም ኮቱን ቆልፎ ተከተላት። በሩ ላይ ሲደርሱ ቆመ።

"አለመናገር መብትሽ ነው" አላት። "መዋሸት ግን የማንም መብት አይደለም።"

ሰብሳቢው መምህር ምስጋኑ ትሪዋን ለሌላ ሰው አካፍላ እንደሆነ ጠየቋት። ነጅሚያ የጓደኞቿን ምክር አፏ ላይ አድርሳ ዋጠችው።

"አዎ፣ መምህር። እኔ ነኝ ያጎረስኩት" አለች። "ዝም እንዲልልኝ ብዬ ነው።"

ከኮሚቴው አባላት አንዱ ሳቁን መያዝ አቃተው። መምህር ምስጋኑ ግን አልሳቁም፤ ወደ አዳም ዞረው የራሱ ሚል ካርድ የት እንደሄደ ጠየቁት። ሊቀ አንቀጽ ብድግ አለ። ነጅሚያ አሁን አንቀጽ ሊጠቅስ ነው ብላ ዓይኗን ጨፈነች።

"የለኝም፣ መምህር" አለ። "አምና ወንድሜ ሆቴል ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ። የቤተሰብ ገቢ ሲሻሻል ማሳወቅ ግዴታ ስለሆነ መጥቼ አሳወቅሁ። ድጋፌ ቆመ።"

ወንድሙ አሁንም ሥራ ላይ እንደሆነ ሲጠየቅ፣ ሆቴሉ እንግዳ አጥቶ መዘጋቱን፣ ወንድሙም ወደ እርሻው መመለሱን ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረ። ነጅሚያ ብቻዋን የምትጠየቅበት ጥፋት እንደሌለም ጨመረ። "መከፋፈሉ ክልክል መሆኑን ከእሷ ይልቅ እኔ አውቅ ነበር። ጥፋቱ የበላው ሰው ነው።"

ነጅሚያ ዓይኗን ገለጠች። መጀመሪያ የመጣባት ንዴት ነው። ሴሚስተሩን ሙሉ አፉን ዘጋሁ ብላ ስትስቅ፣ ለካ ሰውየው ርቦት ነበር። ግማሹን ግቢ ለመብቱ እየጎተተ እዚሁ ኮሚቴ ፊት ያቀረበ ሰው፣ ለራሱ አንድ ቀን እንኳ በሩን አላንኳኳም። ኮሚቴ ፊት መሆኗን ረስታ ለምን ብላ ጮኸችበት።

"ለሰው ስጠይቅ መብት ነው" አላት ጫማውን እያየ። "ለራሴ ስጠይቅ ልመና ይመስለኛል።"

መምህር ምስጋኑ ከአባላቱ ጋር ተንሾካሾኩና ነጅሚያን በማስጠንቀቂያ አለፏት፤ ካርዷ አልተነካም። ሁለተኛ እንዳትደግመውም ጠበቅ አድርገው ነገሯት። ከዚያ ለአዳም፣ ድጋፉ እንዲመለስለት ማመልከት የሚችለው እሱ ራሱ መሆኑን፣ ኮሚቴውም አሁኑኑ ሊሰማው እንደሚችል ነገሩት።

ሊቀ አንቀጽ ጉሮሮውን ጠረገ። የቤተሰቡ ገቢ የተለወጠበት ማንኛውም ተማሪ በመመሪያው መሠረት እንደገና የመታየት መብት እንዳለው አብራራ። መምህር ምስጋኑ "እሺ፣ አንተስ?" አሉት። ማንኛውም ተማሪ በቂ ምክንያት ሲያቀርብ ብሎ ከላይ ጀመረ። "እሱ ገብቶናል። አንተስ?" አሉት ደግመው። ሦስተኛ ሊጀምር ሲል ነጅሚያ የኮቱን እጅጌ ያዘች።

"አዳሜ" አለችው፣ "አንቀጹን ተወውና ርቦኛል በል።"

ያ ረጅም አንገት ጎንበስ አለ፤ ጆሮው ሲቀላ ከጎኑ ታያት። በዚያ ግቢ ውስጥ ማንም ያላሸነፈው አንደበት አንዲት ቃል ለማውጣት ሲታገል አየች። እጅጌውን አልለቀቀችም።

"ርቦኛል" አለ።

አሁን ሊቀ አንቀጽ የራሱ ትሪ አለው። አፉን የሚዘጋለት ስለሌለ ከተቀመጠበት እስኪነሳ ስለ መብትና ግዴታ ያስተምራል፤ ጓደኞቿ አንቺ ነሽ ይህን ያመጣሽብን ይሏታል። ነጅሚያ አንድ ጊዜም አታቋርጠውም። ወጡ እየቀዘቀዘ እንደሆነ ስታይ ብቻ ትሪውን ወደ እሱ ገፋ ታደርግና "ብላ" ትለዋለች።